“ዜሮ ዓመት” ብላችሁ ለጠራችሁን፦ ከጀማሪ አናሊስት አመልካቾች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ ሚያዝያ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያ
ግልባጭ፦ ለቃል ፈተና ኮሚቴ አባላት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጀማሪ አናሊስት የሥራ መደብ የተካሄደውን የምልመላ ሒደት ይመለከታል

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

በአዲስ አበባና በሐዋሳ በኢኮኖሚክስና በስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍሎች የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን። በየካቲት ወር ያወጣችሁትን ማስታወቂያ አይተን አመልክተናል፤ በመጋቢት ለጽሑፍ ፈተና፣ ቀጥሎም ለቃል ፈተና ቀርበናል። በቁጥር 23 ነን። የባንካችሁን ስም ከዚህ ደብዳቤ ላይ አስቀርተናል። ፈርተው ነው የሚለን ካለ አልተሳሳተም፤ ከመካከላችን ሁለቱ እስከ ዛሬ ስልካቸውን ከእጃቸው ሳይለዩ የእናንተን ጥሪ ይጠብቃሉ። ደግሞም ሌላ ባንክ ያመለከቱ ጓደኞቻችን የሚያወሩት ከእኛው ብዙ ስለማይለይ፣ ደብዳቤው ነገሩ ለሚመለከተው ሁሉ ይድረስ ብለናል።

ያልተቀጠርነው ለምንድን ነው ለማለት አልመጣንም። የተፈለገው ስምንት ሰው ነው፤ በጽሑፍ ፈተናው ዕለት ግቢውን የሞላውን ሰው ዓይናችን አይቷል። ያንን ሒሳብ ለመሥራት አናሊስት መሆን አያስፈልግም። ቅሬታችን በምን እንደተመዘንን ባለማወቃችን ነው። ወድቀን እንደሆነም በውል የነገረን የለም።

ማስታወቂያውን ገሚሶቻችን በቴሌግራም፣ ገሚሶቻችን አራት ኪሎ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። “የሥራ ልምድ” በሚለው ሣጥን ውስጥ “ዜሮ ዓመት” ይላል። ሥራ የፈለገ ሰው ይህች ቃል እንዴት ልብ እንደምታሞቅ ያውቃል፤ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት የሚሉትን ሣጥኖች እየዘለለ ወርዶ እሷ ላይ ሲደርስ ጣቱን ያሳርፍባታል። በዚያ ላይ ጊዜው ተስፋ የሚሰጥ መስሎን ነበር። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው በሐምሌ 2016 ነው፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ተከፈተ፤ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅም በዚያው ዓመት ወጣ። መምህሮቻችን “ከእንግዲህ ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለጋል” ሲሉን አምነናቸው ነበር። አሁንም እናምናቸዋለን፤ የቸገረን ቁጥር ማንበብ እንደምንችል የምናሳይበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ማስታወቂያውና የምዝገባ መስኮቱ የተለያየ ቋንቋ መናገራቸው ነው። ማስታወቂያው “የዘንድሮ ተመራቂዎችም ማመልከት ይችላሉ” ይላል። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ግን “ቴምፖ አምጡ” ተባልን፤ ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ ማለታቸው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ካላመጣ እንደማይመረቅ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። የእኛ ፈተና ገና ከፊታችን ነው፤ ቴምፖውን ከየት እናምጣው? ሦስት የክፍል ጓደኞቻችን ከመስኮቱ ተመለሱ። አራተኛው ያንኑ ስቱደንት ኮፒና ያንኑ የሬጅስትራር ደብዳቤ ይዞ ከምሳ በኋላ ሄደ፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ተመዘገበ። እድሉ የቆመው በመምሪያችሁ መመሪያ ላይ ሳይሆን በተረኛው ሠራተኛ የምሳ ሰዓት ላይ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የጥሪው አጣዳፊነት ነው። የቃል ፈተና ጥሪው በስልካችን የገባው ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። መልእክቱ “ነገ ጠዋት 2:30 በዋናው መሥሪያ ቤት እንድትገኙ፣ ያልተገኘ በራሱ ፈቃድ እንደቀረ ይቆጠራል” ይላል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚነሣ አውቶቡስ አልነበረም። አንድ ጓደኛችን ከመኝታ ክፍል ልጆች ገንዘብ ተበድሮ፣ ቲማቲም ከጫነ አይሱዙ ሾፌር አጠገብ ተቀምጦ ሌሊቱን ተጓዘ። የተዋሰውን ኮት በፌስታል አንጠልጥሎ ቃሊቲ ሲደርስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። ፊቱን የታጠበው ሻይ ቤት በር ላይ ነው። ጠዋት 2:30 በራችሁ ላይ ተገኘ፤ ስሙ የተጠራው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከፊት ለፊቱ የግድግዳ ሰዓት ስለነበር ውስጥ የቆየበትን ጊዜ በትክክል ነግሮናል፤ ስድስት ደቂቃ።

ዕለቱ ዓርብ መሆኑንም እናንሣ። ሙስሊም ጓደኞቻችን ተራችን ያልፋል በሚል ሥጋት ለጁምዓ ሶላት መሄድ አልቻሉም። የስም ዝርዝሩ በእጃችሁ ነበርና የጠዋትና የከሰዓት ብሎ መክፈል የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የጽሑፍ ፈተናው ሦስተኛው ነው። በ60 ደቂቃ 80 ጥያቄ ሠርተናል። ባንካችሁ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቋቋመ፣ ስንት ቅርንጫፍ እንዳለው፣ የዳይሬክተሮች ቦርድ አባላቱ ስንት እንደሆኑ ተጠይቀናል። ከቦርድ አባላቱ ቁጥር ተነሥቶ የብድር መረጃ የሚተነትን ሰው እስካሁን አልገጠመንም። ከዚህ ሁሉ ያስገረመን ግን የኤክሴል ፈተናው በወረቀት መሆኑ ነው። ሰንጠረዥ ታትሞልናል፤ ከሥሩ “የቪሉክአፕ ቀመሩን ጻፍ” ይላል፤ ኤክሴል ከሰንጠረዥ ውስጥ መረጃ ፈልጎ የሚያወጣበትን ቀመር፣ በእስክሪብቶ። ኮምፒውተር ላይ አንዲት ቅንፍ የረሳ ሰው ስህተቱን ማሽኑ ወዲያው ይነግረዋል፤ አርሞ ይቀጥላል። ሥራውም ይኸው ነው፤ መሞከር፣ መሳሳት፣ ማረም። ወረቀት ላይ ግን ቅንፏን የረሳ ሰው ኤክሴል እንደማያውቅ ተቆጥሮ ያልፋል፤ በቃሉ ሸምድዶ የመጣው ደግሞ ባለሙያ ይባላል። ወደ አዳራሹ የገባንበት ኮሪደር በግራና በቀኝ በመስታወት የተከለለ ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንም ያልተቀመጠባቸው ኮምፒውተሮች በተርታ ተደርድረው ነበር። ቆጥረናቸዋል፤ 34 ናቸው።

አራተኛው የቃል ፈተናው ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን።

አምስት ፈታኞች በረጅሙ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው የሻይ ብርጭቆና የእኛ ፋይሎች አሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሁላችንም አንድ ነበር፤ “ከዚህ በፊት የት ሠርተሃል?” ዜሮ ዓመት ብላችሁ ጠርታችሁን የት ሠርተሃል ስትሉን ምን እንመልስ? ከመካከላችን አንዱ “አፓረንት ወጥቻለሁ” አለ፤ በተማሪነት የሚወጣውን የሥራ ልምምድ ማለቱ ነው። “እዚያ ምን ሠራህ?” ሲባል እውነቱን ተናገረ፤ ፋይል በፊደል ተራ አስተካከለ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣ። ፈታኞቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ይህ ልጅ ባለፈው ዓመት ለአፓረንት በመጀመሪያ ደብዳቤ ይዞ የሄደው ወደ እናንተው ቅርንጫፍ እንደነበረና “ተማሪ አንቀበልም” ተብሎ እንደተመለሰ ለኮሚቴው አልተናገረም። እኛ እንናገርለታለን።

ጀማሪን በልምድ ማጣት መክሰስ ሕፃንን በጥርስ ማጣት እንደ መክሰስ ነው። ልታዩን ከፈለጋችሁ ሕጉ ራሱ መንገዱን ከፍቶላችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። ስድሳ ቀን እያለላችሁ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሰውን ዘመን ለመጨረስ ምን አጣደፋችሁ?

ሆኖም በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ጥሩ ነገር ሆኗል። ይህን ባንጽፍ እናዳላለን። ከጠረጴዛው ጥግ የተቀመጡ አንድ ሸምገል ያሉ ፈታኝ ነበሩ፤ ከዕቅድ ክፍል እንደሆኑ በኋላ ሰማን። እኚህ ሰው ግማሽ ገጽ ወረቀት አውጥተው ወደ ተፈታኙ ገፋ ያደርጋሉ። ወረቀቱ ላይ አንድ ቅርንጫፍ በየወሩ የከፈታቸው አዳዲስ ሒሳቦች ቁጥር አለ። ሐምሌ 602፣ ነሐሴ 630፣ ጳጉሜን 120፣ መስከረም 588። ከዚያ “ምን ታያለህ?” ይላሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም።

አንዱ ጓደኛችን ፈጠን ብሎ “በጳጉሜን ሥራው ክፉኛ ወድቋል፤ ሕዝቡ ገንዘቡን ለዘመን መለወጫ ገበያ ስላዋለው ነው” አለ። ምክንያቱንም ጭምር አሳምሮ ነበር ያቀረበው። ይህን የመለሰው ከዚህ ደብዳቤ ጸሐፊዎች አንዱ ነው፤ አሁንም ትዝ ሲለው ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

ቀጥላ የገባችው ልጅ ወረቀቱን አይታ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም “ወድቋል አልልም። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት። ነሐሴ በቀን 21 ሒሳብ ነው፤ ጳጉሜን በቀን 24 ይመጣል። እንዲያውም ጨምሯል” አለች። ሽማግሌው ቀና አሉ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር፤ “እሑዶችንና በዓላትን አውጥቼ በሥራ ቀን ባካፍለው ይሻላል። የቀን መቁጠሪያ ይኖር ይሆን? ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ዓመት እንዳይሆንም ዓመቱን ማወቅ እፈልጋለሁ” አለች።

እኛ የአናሊስት ሥራ የምንለው ይህንን ነው። ከቁጥሩ በፊት ቁጥሩ የተቆጠረበትን ዘመን መጠየቅ። ማስታወቂያችሁ ላይ “የትንተና ክህሎት ያለው” ብላችሁ የጻፋችሁትም ይህንኑ ይመስለናል።

ሰብሳቢው “ጊዜ የለንም፤ ይለፍ” አሉ። ቀጥሎም ጠየቋት፤ “አግብተሻል?”

“አላገባሁም።”

“እጮኛስ? በቅርቡ የማግባት ሐሳብ አለሽ? ወሊድ ሲመጣ ሥራ ይበደላል ብዬ ነው።”

ምን እንደመለሰች አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ይህ ጥያቄ ግን በዚያ ዕለት ከቀረቡት ዘጠኝ ሴቶች ለሰባቱ ቀርቧል። ለወንዶቹ ለአንዳችንም አልቀረበም። ቅድም የጠቀስነው አዋጅ በቅጥር ላይ ሴት በጾታዋ ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግባት ይከለክላል። የሰው ኃይል መምሪያ ይህን ከእኛ መስማት አልነበረበትም።

የጳጉሜኗ ወረቀት የቀረበችው ከ23ታችን ለሦስት ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌው ለምሳ ወጥተው አልተመለሱም። ከሰዓት በኋላ የገባነው በምትኩ “ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ?” ተባልን። ከሐዋሳ የመጣው ልጅ በዚያ ሰዓት ራሱን ያየው አልጋ ላይ ነበር። እንግዲህ ሦስቱ በአንድ ሚዛን፣ ሃያዎቹ በሌላ ሚዛን ተመዝነው ውጤቱ እንዴት በአንድ ዝርዝር እንደተደረደረ ልትገልጹልን ትችላላችሁ?

የቋንቋውን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተጀምሮ፣ ፈታኙ ራሱ መሐል ላይ ወደ አማርኛ ተሻግሮ፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ተጠየቀ። ሁለቱንም እንችላለን፤ የትኛው እንደሚመዘን ቀድሞ ይነገረን።

ዋስን በተመለከተ ደግሞ እንዲህ ሆነ። አንድ ጓደኛችን ገና ከመቀመጡ “ደመወዝተኛ ዋስ አለህ?” ተባለ። አባቱ ገበሬ ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቀው ደመወዝተኛ የእናቱ ወንድም የሆነ አስተማሪ አጎቱ ብቻ ነው፤ እሱም ለሌላ የእኅት ልጅ ዋስ ሆኗል። “አፈላልጋለሁ” አለ። ከዚያ በኋላ የጠየቁት ሁሉ እንዳልተሰማው ነገረን፤ አእምሮው በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዋስ ሲፈልግ ቆየ። ባንክ ዋስ ለምን እንደሚጠይቅ ይገባናል፤ ገንዘብ የሰው ነው። ግን ያልተቀጠረ ሰው በምን ሥራው ዋስ ይጥራ?

የመጨረሻው ዝምታው ነው። ከሁሉ የከበደን እሱ ነው። ስንወጣ “ከፋሲካ በፊት እንደውልላችኋለን” ተባልን። ፋሲካ አለፈ፤ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ስልኩ ሲጠራ የሚደውለው ሌላ ሰው ነው። እናቶቻችን “ምን አሉ?” ይላሉ፤ “ገና ናቸው” እንላለን። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሆነን ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄድን። እንግዳ መቀበያ ያለችው ሠራተኛ “እኔ ጋ መረጃ የለም” አለች። መረጃውን የሰጠን የበሩ ጥበቃ ነው፤ “ልጆቼ፣ ዝርዝሩ እኮ እዚህ ተለጥፎ ነበር። ሁለት ቀን ቆይቶ ተነሣ” አለን። የለጠፉበትን ቦታ አሳየን። የፕላስተሩ አራት ጫፎች ግድግዳው ላይ ቀርተዋል።

ለመጥሪያ ጊዜ ስልካችንን አግኝታችሁት ነበር። ያንኑ ስልክ ለውጤት ማግኘት ለምን አቃታችሁ? ሐዋሳ ያለ ተማሪ አዲስ አበባ በር ላይ ለሁለት ቀን የተለጠፈ ወረቀት በምን ዓይኑ ያንብበው? ዝርዝሩ ላይ ስማችን ኖሮ ያለፈን እንደሆነስ? ሁለቱ ጓደኞቻችን ይህን ካወቁ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። ስማቸው ወጥቶ ሳይቀርቡ ቀርተው “በራሱ ፈቃድ እንደቀረ” ተቆጥረው ይሆናል ብለው ይጨነቃሉ።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ተመራቂ ተማሪ ማመልከት ይችላል ካላችሁ የሬጅስትራር ደብዳቤና ስቱደንት ኮፒ በቂ መሆኑ በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፤ የመውጫ ፈተና ውጤትና ቴምፖ ከቅጥር በፊት በሚሰጥ ቀነ ገደብ ይቅረብ። የፈተና ጥሪ ቢያንስ ከአምስት የሥራ ቀናት በፊት ይድረሰን፤ ከክልል የሚመጡ አመልካቾች የቃል ፈተናቸው ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ዓርብ ከሆነ ደግሞ የጁምዓ ሰዓት ይታሰብ። የኤክሴል ፈተና በኮምፒውተር ይሰጥ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት በተራ በተራ ይበቁናል።

የቃል ፈተና ጥያቄዎች ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ነጥብ አሰጣጡም ይጻፍ። የዕቅድ ክፍሉ ሰው ዓይነት ጥያቄ ለሁላችንም ይቅረብ። ብር ሲዳከም አስመጪ ደንበኛችሁና ላኪ ደንበኛችሁ ብድራቸውን የመክፈል አቅማቸው እንዴት እንደሚለያይ ጠይቁን። እንሳሳት ይሆናል፤ ግን በሥራው ተሳስተን እንውደቅ። የጋብቻ፣ የእጮኛና የወሊድ ጥያቄ ከፈተና ክፍሉ ይውጣ። ዋስ የሚጠየቀው ያለፈ ሰው ብቻ ይሁን፤ ለማፈላለጊያም በቂ ጊዜ ይሰጠው።

በመጋቢቱ ፈተና ያለፉትና ያላለፉት ሁሉ ውጤታቸው በስልክ መልእክት ይላክላቸው። በር ላይ ተለጥፎ በተነሣው ዝርዝር ውስጥ ስሙ ኖሮ ሳይሰማ የቀረ ካለ ጥሪው እንደገና ይደረግለት።

ይህኛው ይቸኩላል። የእናንተን ጥሪ ከሚጠብቁት ሁለት ጓደኞቻችን አንዷ የጳጉሜኗ ልጅ ናት። ሌላ ድርጅት በመረጃ ጸሐፊነት ሊቀጥራት ተስማምቶ እስከ ግንቦት 10 ቁርጧን እንድታሳውቅ ጠይቋታል። ከዚያ በፊት አንድ መስመር ጻፉላት። “አላለፍሽም” የሚል ቢሆንም።

ከአክብሮት ጋር፣

የ23ቱ አመልካቾች ተወካዮች
የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ክፍል ተጠሪ
የስታቲስቲክስ ተመራቂ ክፍል ተጠሪ